ለመንገዱ ስንት፣ ለልጆቹ ስንት? የካሊፎርኒያው የሳይክል ጉዞ እና የኛ የጣርማበር እቅድ (የጉዳይ ጥናት)

መጀመሪያ ስለ አመተ ምህረቱ ልበል፣ የአሜሪካኖቹን ታሪክ ሳወራ አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የኛን ሳወራ ግን ዓ.ም. ብዬ እፅፋለሁ።

እዚህ ደብረብርሃን ውስጥ ተፈናቅለው ለመጡ ልጆች ደብተር፣ ቦርሳና ዩኒፎርም መግዣ በሳይክል ጉዞ እናሰባስብ ብለን መዘጋጀት ከጀመርን ቆይተናል። መንገዱ ከደብረብርሃን ተነስቶ ጣርማበርን አልፎ ደብረሲና፣ አርማንያ፣ ከዛ ሸዋሮቢት ነው። ሀሳቡን የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል፣ ወጣቱ ይመዘገባል፣ ሳይክል የሌለው እንኳን ተከራይቼ እመጣለሁ ይላል። የእድራችን ዳኛ ግን ሀሳቡን ሲሰሙ ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ፣ እናንተ ስትጋልቡ ውሃውንና ናፍጣውን ማን ይገዛል?»

«ጋሼ፣ ስፖንሰር እንፈልጋለን።»

«ስፖንሰሩ ካልመጣስ? ከልጆቹ ብር ነዋ!»

ይሄ ጥያቄ ነው ይሄን ሁሉ ያስፃፈኝ። ምክንያቱም ከኛ በፊት ይሄንኑ ነገር በጣም በትልቁ የሰሩ ሰዎች የተጣሉትም፣ ፍርድ ቤት የቆሙትም፣ ድርጅት የተዘጋውም በዚችው ጥያቄ ነው። ከሳንፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ ይሄድ የነበረው የኤድስ የሳይክል ጉዞ ማለቴ ነው፣ ከ1994 ተነስቶ እስከ 2025 የቆየው። ስለሱ ያገኘሁትን በሙሉ ካነበብኩ በኋላ ለኛ ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ ላስቀምጠው።

በ1994 ኤድስ አሜሪካ ውስጥ ከ25 እስከ 44 አመት ባለው ሰው ላይ ቁጥር አንድ ገዳይ ነበር። ዛሬ ሰው በቀን አንድ ክኒን እየዋጠ ስራውን እየሰራ ልጁን እያሳደገ የሚኖርበት መድሃኒት ያኔ የለም፣ ሶስቱን መድሃኒት አንድ ላይ አርጎ መስጠት በደንብ የተጀመረው በ1996 አካባቢ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መድሃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፣ ከዛ በፊት የነበረውን ጊዜ እዚህ ሰፈር የኖረ ሰው አይረሳውም፣ በየሳምንቱ ድንኳን ይተከል ነበር፣ እድሩ መክፈል እስኪያቅተው ድረስ። ስለዚህ እነዛ ሰዎች ሳይክል ላይ የወጡት ጓደኞቻቸውን እየቀበሩ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል፣ ለመዝናናት የወጡ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ 478 ሰው ነበር። ከ800 ኪሎሜትር በላይ በሰባት ቀን፣ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ እያደሩ። አብዛኞቹ የሳይክል ስፖርተኞች አደሉም፣ የቢሮ ሰራተኛ፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ እንደኛው አይነት ሰው ነው። ወጪው ሁሉ ተነስቶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበሽተኞቹ አገልግሎት ገባ። አስቡት፣ ከ500 የማይሞላ ሰው።

ይሄን ብር ምን አመጣው የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዝግጅት ስናስብ ቶሎ ብለን ወደ ባንክ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ቢራው፣ ወደ ውሃ አምራቹ እናያለን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይፃፋል፣ ማህተም ይደረጋል፣ ከዛ ሶስት ወር መልስ ጥበቃ። የነሱ አካሄድ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ነጂ ለመመዝገብ አንድ ቃል ይገባል፣ ከዚህ ያላነሰ ብር ከራሴ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ ይላል። ለብዙ አመት ትንሹ መጠን 3,000 ዶላር ነበር። ይሄን ብር ከኪሱ አያወጣም፣ ለአክስቱ፣ ለድሮ አስተማሪው፣ ለስራ ባልደረባው፣ ለጎረቤቱ ደብዳቤ ይፅፋል፣ «እኔ ሰባት ቀን ልነዳ ነው፣ አንተ 20 ዶላር ስጥ» ይላል። ሰጪው ስለ ኤድስ ላያስብ ይችላል፣ ግን ልጁን ያውቀዋል፣ ልጁ ዳገት ላይ ሲሰቃይ ይታየዋል፣ ስለዚህ ይሰጣል። ብሩን የሚያመጣው የነጂው ዝምድናና ወዳጅነት ነው። ሳይክሉ ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጣል፣ በባዶ እጅ ብር ስጡኝ ማለት ለሁሉም ሰው ከባድ ነው፣ ልደክምላችሁ ነውና ደግፉኝ ማለት ግን ይቀላል።

እኛ ይሄን ባህል ከማንም ተምረን አደለም ያለን። ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ቤት የተቃጠለበት ሰው ሲኖር፣ ሰው ታሞ ውጭ ሀገር ሄዶ ይታከም ሲባል፣ ስም ይጠራል ብር ይዋጣል። አሁን ደግሞ በቴሌብርና በሞባይል ባንኪንግ አዲስ አበባም ያለው፣ አረብ ሀገርም ያለው፣ አሜሪካም ያለው ያዋጣል። አንድ የመንዝ ልጅ አዲስ አበባ፣ ሳውዲና አሜሪካ ውስጥ ስንት ዘመድ አለው? ግማሾቹ መቶ መቶ ብር ቢሰጡ የሚገኘው ብር ከአንድ ስፖንሰር ባነር አያንስም።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ያንን የመጀመሪያውን ጉዞ ያዘጋጀው ዳን ፓሎታ የሚባል ሰው ነው። ድርጅቱ ፓሎታ ቲምዎርክስ ይባላል፣ እና ይሄን ልብ በሉ፣ በጎ አድራጎት ድርጅት አደለም፣ ለትርፍ የተቋቋመ ካምፓኒ ነው። በጎ አድራጎቶቹ ይቀጥሩታል፣ እሱ ጉዞውን ያዘጋጃል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል፣ ሰው ይመዘግባል፣ ድንኳኑንም ምግቡንም ህክምናውንም ያቀርባል፣ ሂሳቡን ይወስዳል፣ የተረፈው ለበጎ አድራጎቱ ይገባል። ሀሳቡ በጣም ሰራ። የካሊፎርኒያው አመት አመት እየሰፋ ሄደ፣ ሌላም ከተማ ላይ ተጀመረ፣ ከዛ ለጡት ካንሰር የሶስት ቀን የእግር ጉዞም ጨመረ። ሰውየው ራሱ በ2013 ባደረገው ንግግር ላይ ሲያስረዳ በዘጠኝ አመት ውስጥ 182,000 ሰው ተሳትፎ 581 ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቧል ይላል። የኤድሱ ጉዞ በ50,000 ዶላር መነሻ ተጀምሮ ከወጪ ቀሪ 108 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ የጡት ካንሰሩ ደግሞ በ350,000 ዶላር ተጀምሮ በአምስት አመት ከወጪ ቀሪ 194 ሚሊዮን።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ በጎ ነገር ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ደምሩት፣ 108 እና 194 ሲደመር 302 ሚሊዮን ነው፣ ከ581 ውስጥ። ሌሎችም ዝግጅቶች ስለነበሩት ይሄ የሂሳቡ ሙሉ ስእል አደለም፣ ቢሆንም ብዙ ብር መንገድ ላይ እንደቀረ ይታያል። እሱም አይደብቅም፣ ከአጠቃላይ ገቢው 40 በመቶው ሰው ለመመልመል፣ ተሳታፊውን ለማስተናገድና ጉዞውን የማይረሳ ለማድረግ ይወጣ እንደነበር በዛው ንግግር ላይ ተናግሯል። ትልልቅ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገፅ ማስታወቂያ፣ ሬድዮ፣ ቴሌቪዥን።

የሱ ክርክር እንዲህ ነው፣ ማስታወቂያ ባላወጣ ያን ያህል ሰው አይመጣም ነበር፣ ያን ያህል ሰው ባይመጣ 108 ሚሊዮኑም አይኖርም ነበር፣ ታዲያ ከትንሽ ዳቦ 95 በመቶውን መስጠት ይሻላል ወይስ ከትልቅ ዳቦ 60 በመቶውን? በጎ አድራጎት ላይ ብቻ ለምንድነው ሰው ወጪን እንደ ሌብነት የሚያየው? ይሄ ቀላል ጥያቄ አደለም፣ እኔ በበኩሌ ግማሹን እቀበለዋለሁ። በባዶ ወጪ ብር እሰበስባለሁ የሚል ሰው ወይ ወጪውን ሌላ ቦታ ደብቆታል ወይ ብዙ አይሰበስብም።

ያልቀበልኩት ግማሽ ስለ ሰጪዋ ነው። 20 ዶላር የሰጠችው አክስት ስትሰጥ አእምሮዋ ውስጥ ያለው የታመመ ሰው ነው እንጂ የጋዜጣ ማስታወቂያ አደለም። አምናበት «ይሁን፣ ከ20ው 8ቱ ለመንገዱ ይሁን» ብላ ቢሆን ጥሩ፣ ያኔ ሙግት የለም። ሳታውቅ ከሆነ ግን ብሩ ጠቃሚ ነገር ላይ ውሎም ቅሬታ ይመጣል። የመጣውም እንደዛ ነው። ወሬው ከጋዜጣ ጋዜጣ ዞረ፣ ነጂዎቹ ራሳቸው እኛ ለምነን ያመጣነው ብር የት ሄደ ማለት ጀመሩ።

በመጨረሻ ከ2001ዱ ጉዞ በኋላ ዋናዎቹ ተጠቃሚዎች፣ የሳንፍራንሲስኮ ኤድስ ፋውንዴሽንና ሎስ አንጀለስ ያለው አጋሩ ማዕከል፣ ከካምፓኒው ጋር ተለያዩ። ጉዞውን ራሳችን እናዘጋጃለን፣ ወጪውንም ራሳችን እንቆጣጠራለን ብለው በ2002 ኤድስ ላይፍሳይክል የሚባለውን ጀመሩ። ፓሎታ ከሰሰ። በዛው አመት በዛው መንገድ ሁለት ጉዞ ተካሄደ፣ የሱም የነሱም፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ማህበር ሲቋቋም እንደሚሆነው ነጂውም ሰጪውም ለሁለት ተከፈለ። በዛው በ2002 ካምፓኒው ተዘጋ፣ 350 የሚሆን ሰራተኛ በአንድ ቀን ተበተነ። በሱ አነጋገር በቀጣዩ አመት ለጡት ካንሰር ምርምር ከዛ ዝግጅት ይገኝ የነበረው ንፁህ ገቢ 84 በመቶ ወረደ፣ 60 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ወጪ ተቆረጠ ሲባል ገቢውም አብሮ ተቆረጠ። ይሄም መታየት አለበት፣ የተቆጡት ሰዎች እውነት ነበራቸው፣ የቁጣው ዋጋ ግን በሽተኛው ላይ ነው ያረፈው።

የካሊፎርኒያው ጉዞ ግን አልሞተም፣ ለኔ ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። በጎ አድራጎቶቹ የራሳቸው አርገውት ሌላ 23 አመት ገደማ ሄደ። ሁለቱ ዘመን ተደምሮ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። እንዴት ኖረ ካላችሁ ከነጂው ጀርባ ያለውን ሰው እዩ።

መንገዱ 545 ማይል ነው፣ ወደ 877 ኪሎሜትር፣ ከአዲስ አበባ መቀሌ ካለው ይበልጣል። ከሳንፍራንሲስኮ ወጥቶ በፓስፊክ ባህር ዳር ሳንታ ክሩዝ፣ ከዛ የአትክልት እርሻውን ሰንጥቆ ኪንግ ሲቲ፣ ይሄ ሁለተኛው ቀን ብቻውን ከ160 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ፓሶ ሮብልስ፣ ሳንታ ማሪያ፣ ሎምፖክ፣ ቬንቱራ፣ መጨረሻ ሎስ አንጀለስ። ይሄን ሁሉ መንገድ ከነጂው ጎን በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አብረው ይሄዳሉ፣ ሮዲ ይሏቸዋል። ሳይክል አይነዱም። ድንኳን ይተክላሉ፣ ሻንጣ ይጭናሉ ያወርዳሉ፣ እህል ያቀርባሉ፣ ሳይክል ይጠግናሉ፣ የተላጠ ጉልበት ያክማሉ፣ መታጠፊያው ላይ ሞተር ሳይክል አቁመው መኪናውንም ነጂውንም ያስተናብራሉ። በየተወሰነው ማይል ማረፊያ አለ፣ ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ ጨው ያለው ነገር። የደከመውን፣ የዘገየውን፣ ጎማው የተበሳበትን መኪና እየተከተለ ያነሳዋል፣ እና ማንም አይሰድበውም፣ መኪና ላይ መውጣት እንደ መሸነፍ አይቆጠርም። ሄልሜት ግዴታ ነው፣ ያለሱ መንገድ የለም። ይሄ ሁሉ ስራ በደሞዝ ቢሆን ኖሮ ጉዞው በሁለት አመት ባዶ ይቀር ነበር።

ሌላ በጣም የወደድኩት ነገር ብራድሊ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። መቶ ሰው ገደማ የሚኖርባት፣ በመኪና ብታልፉ የማታዩዋት አይነት። ሶስተኛው ቀን ላይ ነጂዎቹ እዛ ምሳ ይበላሉ፣ ምሳውን የሚያዘጋጁት የመንደሯ ትምህርት ቤት ወላጆችና ልጆች ናቸው፣ ሀምበርገር ይጠብሳሉ፣ ነጂው ይከፍላል፣ ብሩ ለልጆቹ የትምህርት ጉብኝትና ለመሳሰለው ይውላል። ጉዞው በመንደሩ ሲያልፍ አቧራና የመኪና መጨናነቅ ብቻ ትቶ አያልፍም። እኔ ይሄን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ደብረሲና ላይ ቆሎ ይዘው የሚሮጡት እናቶችና ልጆች ናቸው። ውሃና ብስኩት ከደብረብርሃን ጭነን ወርደን፣ እነሱን በጥሩንባ አሳልፈን ብንሄድ ምን አይነት በጎ አድራጎት ነው እሱ? ቆሎውን ከነሱ እንግዛ፣ ሙዙንና ብርቱካኑን ከሮቢት ገበያ። ለኛም ይረክሳል፣ ለነሱም ገበያ ነው።

ጉዞው ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ነጂዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ፖዚቲቭ ፔዳለርስ የሚባል ቡድንም አለ። ስራቸው መታየት ነው፣ እዩን፣ ቫይረሱ አለብን፣ ከሳንፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ ድረስ እንነዳለን ማለት። የተደበቀ በሽታ የተደበቀውን ያህል ይገድላል፣ እኛም ሀገር እነ ተስፋ ጎህ፣ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ማህበር፣ ወጥተው ሲናገሩ ነው የሰው አይን ትንሽ የተገለጠው። ሌላ አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ቀይ ለብሶ ይነዳል፣ ኮረብታው ላይ ከሩቅ ሲታይ የሰው ሰልፍ እንደ ቀይ ሪባን እንዲሆን ብለው የጀመሩት ነው። በመጨረሻው የካምፕ ማታ ደግሞ ቬንቱራ ባህር ዳር ላይ ሻማ አብርተው ዝም ብለው ቆመው የሞቱትን ያስባሉ። ይሄ ሁሉ በሂሳብ ሰነድ ላይ አይገባም፣ ግን ሰው በሚቀጥለው አመት ተመልሶ እንዲመጣና እንደገና ለአክስቱ ደብዳቤ እንዲፅፍ የሚያደርገው ይሄ ነው። ፓሎታ የጉዞው ድባብ ዋጋ አለው ሲል ትክክል የሆነው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ልዩነቱ ሻማ ርካሽ መሆኑ ነው።

በኮቪድ ምክንያት የ2020ውም የ2021ዱም ጉዞ ተሰረዘ። ከዛ በኋላ እንደ ድሮው መሆን ከበደው። የምግቡ፣ የመኪናው፣ የኢንሹራንሱ፣ የካምፑ ዋጋ ወጣ፣ የተመዝጋቢው ቁጥር ደግሞ ቀነሰ። አዘጋጆቹ በ2024 ተነጋግረው ለህዝብ ግልፅ አደረጉት፣ ወጪው ከሚገኘው ጋር አልመጣጠን ስላለ የጁን 2025ቱ ጉዞ የመጨረሻው ነው አሉ፣ እንዳሉትም ሆነ። ይሄን አወጣጥ አከብረዋለሁ። ብዙ ማህበር እንዲህ አይደለም የሚያልቀው፣ ዝም ብሎ ይከስማል፣ አካውንቱ ላይ የቀረው ብር የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ኮሚቴው ይበተናል፣ ከዛ ሰው አስር አመት ያማል። እነሱ ከ30 አመት በኋላ ሂሳቡ አላዋጣም ብለው፣ ወራት ቀደም ብለው ተናግረው፣ የመጨረሻውን ነድተው ዘጉት።

እንግዲህ ወደ ጣርማበር።

የኛ ሀገር ህግም ስለ ወጪ ዝም አላለም። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 በነበረበት ጊዜ ሰባ ሰላሳ የሚባለው ነበር፣ 30 በመቶው ለአስተዳደር ቢበዛ ማለት ነው፣ አሁን ያለው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ አይለፍ ይላል። እኛ ድርጅት አደለንም፣ የምንሰራው ከተመዘገበ ድርጅት ጋር አብረን ነው፣ ስለዚህ 20ዋ እኛንም ታስረናለች። ግን በህግ ከተፈቀደው በታች መሆን ብቻውን የጋሼን ጥያቄ አይመልስም። አስር በመቶም ቢሆን ሰጪው ካላወቀው ያው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ላይ ተከራክሬ ያፀደቅኩት ነገር ይሄ ነው፣ ብር መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት የመንገዱ ወጪ ዝርዝር በአማርኛ ተፅፎ ይወጣል፣ የናፍጣ ስንት፣ የአምቡላንስ ስንት፣ የውሃ ስንት፣ የጥገና ስንት፣ እና ከጎኑ ማን እንደሚከፍለው። ስፖንሰር ከተገኘ ስፖንሰሩ፣ ካልተገኘ ነጂው ራሱ በመመዝገቢያ ይከፍላል። ከልጆቹ ብር አንድ ሳንቲም ለመንገድ አይወጣም ብለን የምንችል ከሆነ እንላለን፣ ካልቻልን ይሄን ያህል ይወጣል ብለን እንፅፋለን፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መናገር ነው። አንዳንዱ ሰው ወጪ ስታወራ ሰጪ ይሸሻል ብሎ ሰጋ። እኔ ደግሞ ኋላ ሲሰማ የሚሸሸው ይብሳል ባይ ነኝ፣ የካሊፎርኒያው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

አካውንቱ ሁለት ይሁን ያለው ሀሳብም ጥሩ ነው፣ የመንገዱ ለብቻ የልጆቹ ለብቻ። በሶስት ሰው ፊርማ፣ ከሶስቱ አንዱ ከእድሩ፣ አንዱ ከተፈናቃዮቹ ወላጆች። ይሄ የመጨረሻው ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን፣ እኔ ግን አለቅም፣ ስለነሱ ብር ሲወሰን እነሱ ከበር ውጭ ሆነው መጠበቅ የለባቸውም።

መንገዱ ራሱ ብዙ ያስባል። ደብረብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ይወጣል፣ ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 አካባቢ። ከ90 ኪሎሜትር በላይ ነው ርቀቱ፣ ከጣርማበር በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው ስለዚህ ቀላል ነው የሚል ሰው አለ። ቀላል አደለም። በዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ቸርኬ ሲግል የውስጥ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፣ መታጠፊያ ላይ ቢፈነዳ ደግሞ ከታች ገደል ነው። ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያረጉ፣ የተወሰነ ቦታ ላይ ቆሞ እያበረዱ መውረድ ያስፈልጋል። እዚህ ሰፈር በኪራይ የሚገኘው ሳይክል ብዙው የፍሬን ጎማው ያለቀ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ሁሉም ሳይክል ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ጎማው ይታያል፣ ያላለፈ አይነሳም፣ ባለቤቱ የኮሚቴ አባልም ቢሆን።

ከዛ ዋሻው አለ። ጣሊያን የሰራው፣ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከባድ መኪና የማይጠፋበት። ጭጋግ ከያዘ ከፊት ያለው አይታይም። ዋሻውን ሳይክል ላይ ተቀምጦ ማለፍ የሚባል ነገር አይኖርም የሚለውን አቋም ይዣለሁ፣ ወይ ሳይክሎቹ መኪና ላይ ተጭነው ነጂዎቹ በሚኒባስ ይለፉ፣ ወይ ትራፊክ ፖሊስ ከሁለቱም ጫፍ መኪና አቁሞ በቡድን እንለፍ። ካሊፎርኒያዎቹ መኪና ላይ የወጣን ነጂ ነውር አላረጉበትም፣ እኛም እንደዛው። ጣርማበር ላይ እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ ነው፣ ሮቢት ደግሞ ቀን ላይ ይጋግራል፣ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ያገኛል፣ ጃኬቱን የሚቀበለው መኪና ደብረሲና መቆም አለበት። ስለ ፀጥታው ብዙ አልፅፍም፣ የዞኑን ሁኔታ ሁሉም ያውቀዋል፣ መንገዱ ሰላም ነው ሳይባል ማንንም ልጅ ይዘን አንወጣም። ካልሆነም አማራጩ ተይዟል፣ በደብረብርሃንና በጫጫ መሀል እየተመላለሱ የሚነዱት ጉዞ። ባህር የለንም፣ ጣርማበርም ላይቀናን ይችላል፣ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር መያዝ አለባቸው።

ሳይክል ለኛ ባዳ ነው የሚል አስተያየትም ሰምቻለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደች ጊዜ፣ ሜልቦርን በፈረንጅ 1956፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ባዳ አደለም፣ ሰሜን ሸዋ ላይ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ነው ብዙ ያልለመድነው።

ቀሪው ስራ የሮዲዎቹ ነው። እስካሁን ለመንዳት የተመዘገበው ሰው ለማገልገል ከተመዘገበው ይበዛል፣ መሆን ያለበት ግን ቢያንስ እኩል ነው። ነርስ እንፈልጋለን፣ ጎሚስታ እንፈልጋለን፣ ዳገቱ ላይ ሞተር ሳይክል ይዞ መኪና የሚያስተናብር፣ ደብረሲና ላይ ከቆሎ ሻጮቹ ጋር ቀድሞ ዋጋ የሚነጋገር ሰው እንፈልጋለን። የወጪ ዝርዝሩ ተፅፎ ለጋሼ ተሰጥቷል፣ አንድ ሳምንት ይዘውት ቆይተው የናፍጣው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አርገው መልሰውታል፣ ሁለት መኪና ለምን አስፈለገ ብለው። መልሱን ከሰው አንሺው መኪና ጋር አያይዘን እየፃፍንላቸው ነው፣ እሳቸው ከፈረሙ በኋላ አካውንቱ ይከፈታል።